ቬንትሌተሩን ስላጠፉልን እናመሰግናለን

ይድረስ ለተከበሩ የምግብ ቤታችን ባለቤት፣
እንዲሁም የኃይል ቁጠባ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ብቸኛ አባል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤና፣ በተለይም የቤታችን መተዳደሪያ ለሆነው ለጆሮዎ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኛ የወጥ ቤት ሠራተኞችዎ ከሳሉና ከዓይናችን መቅላት በስተቀር ደህና ነን። ከመካከላችን ደህና ያልሆነችው አንዲት ብቻ ናት፤ ስለ እርሷ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ይህን ደብዳቤ በእጅዎ መስጠት ሲገባኝ የምግብ ዝርዝሩ በሚለጠፍበት የበር መስታወት ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ ምክንያቴን ላስረዳ። የመብራት ሂሳቡ ንሮ በመጣ ጊዜ ሁላችንንም ሰብስበው፣ መብራት የሚበላ ነገር በድምፁ እንደሚታወቅና የሚጮኸው ሁሉ ከጠፋ ሂሳቡም አብሮ እንደሚወርድ አስተምረውናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ቤት ድምፅ ያሰማ ሁሉ ሲጠፋ ስላየሁ፣ እኔም በአፌ አቤት ብል ዕጣዬ ያው እንዳይሆን ፈርቼ ድምፅ የሌለውን ወረቀት መረጥሁ። ደንበኞቻችን እግረ መንገዳቸውን ቢያነቡት ቅር እንደማይልዎ አምናለሁ፤ ወረቀት መብራት አይበላም።

ሐሜተኛ እንዳልባል አንድ ነገር ልመስክር። እኛ ቁጠባ አንጠላም። ይህ ቤት ከከሰረ እርስዎ ሌላ ሥራ ይከፍታሉ፣ እኛ ግን እንበተናለን። በዚያ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ ድስት ሁሉ በክዳኑ ይብሰል፣ የትልቁ ፍሪጅ የበር ጎማ ተቀዶ ቅዝቃዜው ወደ ውጭ ስለሚወጣ ይቀየር፣ ደንበኛ ሳይመጣ ምድጃው ሁሉ ከማለዳ ጀምሮ በባዶው አይጋል ብዬ ነበር። እርስዎ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው አለፉኝ። ጎማ አይጮህም፣ ክዳንም አይጮህም፤ ስለዚህ ሐሳቤ ውሃ አላነሳም።

በማግስቱ ጫማዎን አውልቀው በካልሲ ብቻ ወጥ ቤቱን ሲዞሩ፣ ግድግዳው ላይ ጆሮዎን ለጥፈው እንደ ሐኪም ሲያዳምጡ አየንዎ። ኮሚቴው የተቋቋመው ያን ዕለት ነው። በየማብሪያው ላይ የለጠፉት ማስታወቂያም እነሆ ዛሬ ድረስ አለ፤ ማንኛውንም ማብሪያ ማጥፊያ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ የነካ ሠራተኛ ወዲያውኑ ይሰናበታል ይላል። አስተናጋጆቹ የእርስዎን ኮቴ ሲሰሙ «ኮሚቴው መጣ» እየተባባሉ ይጠቃቀሳሉ። አይቆጧቸው፣ ማክበራቸው ነው።

አሁን ምስጋናዬን በየተራው ላቅርብ።

አንደኛ፣ ትልቁን ፍሪጅ ስለሚያሳርፉልን እናመሰግናለን። ከምሳ በኋላ እስከ እራት ድረስ ሲጠፋ በእርግጥ አያጉረመርምም። ውስጡ ያለው ወተት ግን የቁጠባውን ዓላማ ገና አልተረዳም፤ ይጎመዝዛል። ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ለልጃቸው ያዘዙት ሾርባ በጎመዘዘ ወተት ተሠርቶ ቀርቦ ሲመለስ፣ እርስዎ በሰው ፊት ያዋረዱት ሳህኑን ያቀረበውን ረጅሙን አስተናጋጅ ነው። ወተቱን ያጠፋው እጅ የማን እንደሆነ እርሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን፤ ወተቱን የደፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ፍሪጁም ማታ ሲበራ የሞቀውን ሁሉ እንደገና ለማቀዝቀዝ እስኪነጋ ያለ ዕረፍት ይሠራል። ያን ጊዜ እርስዎ ቤትዎ ተኝተው ስለሆኑ አይሰሙትም፤ ስላልሰሙትም እንዳልበላ ይቆጠርለታል።

ሁለተኛ፣ ከሥጋ መክተፊያው በላይ ያለው ረጅም መብራት ዝዝ ስላለ ወርዷል። የእጅ ስልኬን መብራት መደርደሪያው ላይ ደግፌ ነው የምከትፈው። ጣቶቼ እስካሁን በቦታቸው ስላሉ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ከደጅ ያለው፣ የቤቱን ስም የተሸከመው ሰሌዳ ግን ድምፅ ስለሌለው ፀሐይ አናታችንን በምትመታበት ሰዓት እንኳ ሳይቀር ቦግ ብሎ ይውላል። ፀሐይዋን ልንረዳት ፈልገን ከሆነ ይነገረን።

ሦስተኛ። እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢያንስ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

መጥበሻው ላይ የምትቆመው ታናሽ እህቴ ናት። አስም እንዳለባት ስትቀጠር ነግረንዎታል፤ እርስዎም ያኔ ቬንትሌተሩን ራስዎ አብርተው፣ ይህን የመሰለ ጭስ ማስወጫ ያለው ወጥ ቤት በሰፈሩ እንደሌለ በኩራት ነግረውናል። እውነትዎን ነበር። በዚያ ቬንትሌተር ሥር ዓመታት ስትሠራ የሚነፋውን መድኃኒቷን ከሽርጧ ኪስ ስታወጣ ያየኋት ከስንት አንዴ ነው። ነገር ግን ቬንትሌተሩ ይጮኻል። ኮሚቴው ባደረገው የካልሲ ጉዞ ከሁሉ የባሰ አባካኝ ሆኖ ስለተገኘ ጠፋ፤ ማብሪያውም በፕላስተር ታሸገ። እኔ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ እህቴ ትታፈናለች ብል፣ መስኮት ክፈቱ አሉኝ። ወጥ ቤቱ መስኮት የለውም፣ ክቡርነትዎ። ለዚህ ነበር ቬንትሌተር የተገጠመለት።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የዓሣ ጥብስ ትእዛዝ በላይ በላዩ ይመጣል፣ የዘይቱ ጭስ ከጣሪያው ወርዶ ትከሻችን ላይ ደርሷል፣ እርስ በርስ በሳል ነው የምንተዋወቀው። እህቴ መድኃኒቷን ነፋች፤ ደገመች፤ አልያዘላትም። ደንቡን ለማክበር ስንል ረጅሙ አስተናጋጅ ለፈቃድ ስልክ ደወለልዎ። አላነሱም። እንደገና ደወለ። ከንፈሯ ሲጠቁር ባየሁ ጊዜ እኔው ልነካው ተነሣሁ፤ እርሷ ግን ቀደመችኝ። ፕላስተሩን ላጠችና ማብሪያውን ተጫነችው።

ጭሱ ወጣ፣ ተነፈስን። ለጥቂት ጊዜ ሰው መሰልን።

እርስዎም የቬንትሌተሩን ድምፅ ከመንገድ ማዶ ሰምተው መጡ። ስልክ ያልሰማው ጆሮ ያንን መስማቱ ይደንቃል። ምን ሆናችሁ ሳይሉ መጀመሪያ አጠፉት። ከዚያ ማን እንደነካው ጠየቁ፤ እህቴም መዋሸት አታውቅምና እኔ ነኝ አለች። ይህን ቤት የምታከስሪው አንቺ ነሽ ብለው፣ ሳሏ እንኳ ሳይበርድላት፣ ዓሣው መጥበሻው ላይ እያረረ፣ በሁላችንም ፊት ከእንጀራዋ አባረሯት። ሽርጧን ሳታወልቅ ወጣች። ከጓሮው በር ሳታልፍ ወደቀች። ተሸክመን ክሊኒክ ያደረስናት እኔና ረጅሙ አስተናጋጅ ነን፤ እርስዎ ያን ሰዓት ፕላስተሩን እንደገና ይለጥፉ ነበር።

አሁን እቤት ተኝታለች። ገርጥታለች፣ ደረጃ ስትወጣ ሁለቴ ታርፋለች፤ ማታ ስገባ የምትጠይቀኝ ግን ማን እየጠበሰ እንደሆነ ነው። አንጀቴ አሯል፣ ጌታዬ። ይህን በጨዋ ቋንቋ የምለው የት እንደሆነ ፈልጌ ስላጣሁ እንዲሁ ብዬዋለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። እህቴ ወደ ሥራዋ ትመለስ፣ ቬንትሌተሩም ከፕላስተሩ ይፈታ።

ይህ እስኪሆን ድረስ እኛ ከወጥ ቤቱ እስከ ገንዘብ መቀበያው ያለን ሠራተኞች በአንድ ድምፅ፣ ይቅርታ፣ በአንድ ዝምታ ተስማምተን፣ የኮሚቴውን ደንብ ከነገ ጀምሮ ሳናጓድል እንፈጽማለን። እስከ ዛሬ በደለኞች ነበርን። በየማለዳው ያለ ፈቃድ ምድጃ ስናበራ፣ የውሃውን ፓምፕ ስንነካ፣ የሥጋ መፍጫውን ስንጫን ኖረናል፤ ማስታወቂያው ማንኛውንም ማብሪያ ይላል እንጂ ከምድጃ በቀር አይልም። ነገ ሁላችንም በሰዓታችን እንገባለን፣ እጃችንን ታጥበን፣ ሽርጣችንን አስረን በየቦታችን እንቆማለን። ለእያንዳንዱ ማብሪያ የእርስዎን የተፈረመ ፈቃድ እንጠብቃለን። እህቴ ወደ ሥራዋ የምትመለስበት ፈቃድ ሳይፈረም የተፈረመውን ሌላ ፈቃድ ግን ያነበበ ሰው አይገኝም፤ ዓይናችን በጭስ ስለተጎዳ ማንበብ አቅቶናል።

ያን ጊዜ ጫማዎን አውልቀው ወደ ወጥ ቤቱ እንዲገቡና ጆሮዎን በፈለጉት ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉ እጋብዝዎታለሁ። ድስት አይንተከተክም፣ ዘይት አይንጫጫም፣ ሳህን አይጋጭም፣ ደንበኛም አይጠራም። የተመኙትን ጸጥታ ሙሉ በሙሉ ያገኛሉ፤ የመብራት ሂሳቡም እንደሚወርድ ቃል እገባለሁ።

ለጆሮዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለልብዎ ደግሞ ትንሽ መስሚያ እየተመኘሁ፣ ከማይገባኝ አክብሮትዎ በታች፣ ከጭሱ በላይ ቆሜ፣

ታዛዥዎ
የወጥ ቤቱ ኃላፊ፣ የዚያች ልጅ ታላቅ እህት

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ጠረጴዛዎ ላይ ላስቀምጥ ቢሮዎ ገብቼ ነበር። እርስዎ ከጠዋት ጀምሮ አልነበሩም። ከጠረጴዛው ሥር ያለው የእግር ማሞቂያዎ ግን እንደ ፍም ቀልቶ ባዶ ወንበር ያሞቅ ነበር። ጎንበስ ብዬ አዳመጥሁት፤ እውነትም ድምፅ የለውም። ላጠፋልዎ እጄን ከዘረጋሁ በኋላ ከማብሪያው በላይ የለጠፉትን ማስታወቂያ አነበብሁና፣ እኔም የማስተዳድራት እህት ስላለችኝ፣ እንዳለ ትቼው ወጣሁ።