ጉማሬው በማን አፍ ይናገራል

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ዝናብ። ከጧት ጀምሮ አላባራም። መዝገብ ቤት የመጡት ሁለት ባለጉዳዮች ብቻ ናቸው፤ አንደኛውም ቢሮ ተሳስቶ ነው። ፋይሎቹን በፊደል ተራ ሳስተካክል ዋልኩ። መሳፍንት ትናንት የ«ሀ»ን እና የ«ሐ»ን ቀላቅሎ ደርድሯቸው ነበር። ነገርኩት።

«ያው ሀ አይደለም እንዴ፣ አያ ይኸነው?»

ያው አይደለም። አብሮኝ መሥራት ከጀመረ ስድስት ዓመቱ፤ እስከ ዛሬ ያው ይመስለዋል።

ምሳ ሆቴል በላሁ። ባለቤቴ ይታይሽ እህቷ ደጊቱ ቤት፣ ዳንግላ ከሄደች ዛሬ አሥራ ሰባት ቀን። ጥየቃ ነው የሄደች። ጥየቃ አሥራ ሰባት ቀን ይፈጃል? ዝናቡ ይዟት ይሆናል…

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

መሳፍንት በምሳ ሰዓት ብቻውን ይስቃል። ጎንበስ ብዬ ኮምፒውተሩን ባየው ካርቱን። የሁለት ልጆች አባት እኮ ነው። አንድ ጉማሬ መነጽር አድርጎ፣ ሜትር አንገቱ ላይ ጥሎ ሱሪ ይሰፋል።

«የልጆች አይምሰልዎት፤ የአዋቂ ነው።»

«አዋቂ ካርቱን ያያል?»

«እስቲ ቁጭ ይበሉና ይዩት።»

አልተቀመጥኩም። ቆሜ አየሁት። እስከ መጨረሻው።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ዛሬ ተቀመጥኩ።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ካርቱኑ ከየት አገር እንደመጣ የሚያውቅ የለም። መጀመሪያ ላይ የሚያልፈው ጽሑፍ ማናችንም የምናውቀው ፊደል አይደለም። በፍላሽ ከዳንግላ ይመጣል፤ በየሳምንቱ አንድ ክፍል። አንድ ሰው ነው ሁሉንም በአማርኛ የሚናገረው። ጉማሬውንም፣ ሚስቱን ሽመላዋንም፣ ደንበኞቹንም። አፍንጫውን ጨምቆ የያዘ ይመስላል።

ታሪኩ? ታሪክ የለውም። ጉማሬው ልብስ ሰፊ ነው። ሱሪ አጣሞ ይሰፋል። ደንበኛው «ተጣሟል» ሲለው መነጽሩን ከፍ አድርጎ «የተጣመመው እግርህ ነው» ይላል። በቃ ይኼው ነው። ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቀው? ሳስበው ዋልኩ። ምን እንደሚል ቀድመን እናውቃለን። መሳፍንት ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፣ የግቢው ጥበቃ ሳይቀር ያውቃል። እንጠብቀዋለን… አፉን ይከፍታል… ያችኑ ይላታል፤ ፍርፍር ብለን እንስቃለን። ቀልድ ቢሆን ሁለተኛ ሲሰሙት ይሰለቻል። ይኼ ግን ጠባይ ነው። ጠባይ አይሰለችም።

ጎረቤት ቢሆን ግን ማን ይችለዋል? ሽመላዋን አሰብኳት። ደግ ናት። እንዴት ነው የቻለችው?

ሐምሌ 20፣ እሑድ

የእድር ስብሰባ። እኔ ጸሐፊ ስለሆንኩ ቀደም ብዬ ደረስኩ። አጀንዳው ሲያልቅ ሊቀመንበሩ አያ ምህረቴ በከዘራቸው ቴሌቪዥኑን ጠቆሙ።

«በሉ እስቲ ያንን ካርቶን ክፈቱት።»

«ካርቱን ነው» አልኳቸው። «ካርቶን ዕቃ የሚታሸግበት ነው።»

«ዕቃም ይሁን ሰው፣ ክፈቱት።»

ለካ አዳራሹ የተሞላው ለስብሰባው አይደለም። እኔ ቃለ ጉባኤ ላይ «ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ» ብዬ ደስ ብሎኝ ጽፌ ነበር።

የዛሬው ክፍል ለቅሶ ነው። የሽመላዋ አባት ሞቷል። «አንድ ለእናቱ የነበርክ» እያለች ሙሾ ስታወርድ ጉማሬው በቀስታ ጠጋ አለና ጆሮዋ ላይ «ሁለት ወንድሞች ነበሩት» አላት። አዳራሹ ተናጋ። አያ ምህረቴ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ። እኔም ጎኔን እስኪወጋኝ ሳቅሁ።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ትዝ አለኝ። በይታይሽ አባት ለቅሶ ላይ እኔም እንዲህ ያለ ነገር አርሜ ነበር። የኔ ግን ይለያል። የይታይሽ አባት ሦስት ወንድሞች ነበሩት።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ደወልኩላት። በሦስተኛው ገባ።

«ዝናቡ እንዴት ነው?»

«ይዘንባል።»

«እዚህም።»

ከኋላዋ ሰዎች ይስቃሉ። ማን ነው ብላት «ምሳ እየበላን ነው» አለችኝ። በሳቅ? በኛ ቤት ምሳ ተስቆ ያውቃል? መቼ ትመጫለሽ ልላት ነበር። ኔትወርኩ ተቋረጠ። ወይስ ዘጋችው…

ነሐሴ 4፣ እሑድ



የዛሬው ክፍል። የጉማሬው ቤት ጣሪያ ያፈሳል፤ በሽመላዋ መኝታ በኩል። ሦስት ጊዜ ነገረችው። ጉማሬው ከጋዜጣው ቀና ሳይል «አቤቱታሽን በጽሑፍ አቅርቢ» አላት። ጻፈች። ተቀበላት፣ አነበበው፣ መለሰላት። «ቀን የለውም።»

አንዲት ሴት በሳቅ ከአግዳሚው ወደቀች። ሰዉ ተያይዞ ይስቃል። እኔ ውሃ ሆንኩ።

ሰኔ 16 ቀን ይታይሽ የጣሪያችንን ማፍሰስ ጽፋ ወረቀት ሰጠችኝ። ቀን አልነበረውም። በቀይ እስክሪብቶ አክብቤ መለስኩላት። በማግስቱ ነው ዳንግላ የሄደችው። እስከ ዛሬ እዚህ ደብተር ላይ አልጻፍኩትም። ለራሴም ጥየቃ ሄዳለች ስል ከረምኩ። ይህን ነገር በዓለም ላይ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። ጉማሬ ከየት ያውቃል?

አላበቃም። አያ ምህረቴ ተነሡ። «ይኼ ነገር በሳቅ ብቻ የሚታለፍ አይደለም» አሉ። «በልዩ ልዩ ጉዳዮች እንየው።» ጉማሬው አጥፍቷል ወይስ አላጠፋም? ሰው እጅ እያወጣ ተናገረ። ዝም ብል ምን ነበር… «ቀን የሌለው ደብዳቤ በአሠራር መዝገብ አይገባም» አልኩ።



«የጻፈችው ለመዝገብ ነው ለባሏ?» አሉ አያ ምህረቴ።

ድምፅ ተሰጠ። ጉማሬው በሙሉ ድምፅ ጥፋተኛ። ሙሉ ድምፅ ነው፤ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩት። ቀኑንም አልረሳሁ።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ፈቃድ ጠይቄ ዳንግላ ሄድኩ። የፍላሹን ነገር ስጠይቅ ስጠይቅ ከአንድ ስልክ መጠገኛ ሱቅ አደረሱኝ። ገባሁ። ውዱ! የደጊቱ ባል። ከሠርጉ ጀምሮ አንዋደድም፤ ከአራት ዓመት በላይ አልተነጋገርንም። ድምፁን ባለማወቄ አይፈረድብኝም፤ አፍንጫውንም እኮ ይይዛል።

«ከምን ቋንቋ ነው የምትተረጉመው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ» አለኝ፤ አያፍርም። «አፉ ሲከፈት እናገራለሁ፣ ሲዘጋ ዝም እላለሁ።»

«ቃሉንስ ከየት ታመጣለህ?»

ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤቱ አየ። ያን ጊዜ ገባኝ። ይታይሽ ምሳ ላይ ታወራለች፤ እነሱ ይስቃሉ፤ እሱ ይቀዳል።

ገባሁ። ይታይሽ ጓሮ ድንች ትልጣለች። ብዙ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር። በሚኒባሱ ውስጥ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ። አንድ፣ የቤት ምሥጢር። ሁለት፣ ስም ማጥፋት…

«ሕዝብ እንዲስቅብኝ አደረግሽኝ» አልኳት።

«አንተስ አልሳቅህም?»

«ሳቅሁ።»

«ብዙ?»

«ጎኔን ወጋኝ።»

ድንቿን አስቀመጠች። «ሃያ ሦስት ዓመት ብቻዬን ነው የሳቅሁት፣ ይኸነው። ማጀት ገብቼ፣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ። አንዳንዴም አልቅሼ ነው የምወጣው። አሁን ሰው አገኘሁ።»

ምን ይባላል? የሚባለውን አውቀዋለሁ። አፌን ከፈትኩ። «የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ» አልኳት።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

አንድ ቃል እኮ ናት። አጭር።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

አዳራሹ አልበቃ ብሎ ሰው በመስኮት ያያል። ግምጃ ቤት ከተማ ድረስ ተሰምቷል መሰለኝ፤ የማላውቃቸው ሰዎች አሉ። ጉማሬው ወጣ። አንድ ክብ ነገር ትከሻው ላይ ተሸክሟል። ወደ ሽመላዋ ደጅ ይሄዳል፣ ጎንበስ ብሎ፣ በቀስታ።

«ድንጋይ ተሸከመ» አለ አንድ ሰው።

ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ። ይቅርታ ሊጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው ማን ተቀምጦ ያየዋል? አያ ምህረቴ ጋቢያቸውን አደግድገው ቆሙ።

«ዳቦ ነው፤ እንፋሎቱ ይታያል እኮ» አልኩ። የሰማኝ የለም።

ጉማሬው ደጁ ላይ ደረሰ። ተንበረከከ። ሽመላዋ በሩን ከፈተች። አፉን ከፈተ…

ዝም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል የለም። ውዱ ምንም አላለም። ፊልሙ አለቀ።

«ምን አለ? ምን አላት?» አዳራሹ ተረበሸ። ድምፁ ተበላሽቶ ነው አሉ። ቴሌቪዥኑን ደበደቡት። ሦስት ሰዎች ዳንግላ ሄደው ተርጓሚውን እንዲጠይቁ ኮሚቴ ተመረጠ። ሰብሳቢ አደረጉኝ።

ድምፁ አልተበላሸም። ውዱ ቃል አጥቶ ነው። ቃሉ ያልተባለ ቃል ነዋ፤ ከየት አምጥቶ ይቅዳው። ይታይሽ ያልሰማችውን ምሳ ላይ አታወራ።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ኮሚቴውን ትቼ ብቻዬን ሄድኩ። ከአጥሬ ሥር መካከለኛ ድንጋይ መረጥኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ አየኝ።

«ይኼ ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«ድንጋይ።»

«ከእንጅባራ ዳንግላ ድንጋይ? ዳንግላ ድንጋይ አጣች?»

ላይ ይጫን አለ። እምቢ አልኩ። ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። ዳንግላ ጋሪ ተሳፈርኩ። ባለጋሪው ድንጋዩን አየና ፈረሱን አቆመ። «እንደ ጉማሬው ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ባርኔጣውን አወለቀ። ደጊቱ ደጅ ስንደርስ ከኋላችን ሌላ ሁለት ጋሪ ነበር፤ ነገሩ እንዴት እንደሚያልቅ ማየት የፈለገ ሁሉ ተከትሎናል።

ይታይሽ ወጣች። ድንጋዩን አንገቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገባ። «አጥፍቻለሁ» አልኩ።

«ቆይ አንዴ» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። ውዱን ይዛው መጣች። ማይክራፎን ይዟል።

«አልተቀዳም፤ ይድገሙት» አለኝ ውዱ።

ደገምኩት። የጋሪ ፈረስ አንኮራፋ። «አንዴ ይድገሙት፣ ፈረሱ ገባ።»

በሦስተኛው ድምፄ ተለወጠብኝ። አንገቴ ተሰብሮ የማየው ጭቃና የሷን እግር ብቻ ነው። የኮንጎ ጫማዋ አንዱ ማሰሪያ ተበጥሶ በክር ተሰፍቷል። ራሷ ሰፍታው ነው። መቼ ተበጠሰ? እኔ የት ነበርኩ? «አጥፍቻለሁ፣ ይታይሽ። ጣሪያው ላይ አጥፍቻለሁ። ደብዳቤሽ ላይም። አባትሽ ለቅሶ ላይም አጥፍቻለሁ። ብቻሽን አታልቅሽ፣ ብቻሽንም አትሳቂ።» እንዲህ ለማለት አላሰብኩም ነበር። አለቀስኩ። በሰው ፊት።

ድንጋዩን ራሷ አነሣችልኝ። «ከብዶህ ነበር?» አለችኝ። ከብዶኝ ነበር።

ውዱ ማይክራፎኑን አጠፋ። እሱም አፍንጫውን ይጠርጋል።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

ቆርቆሮ ተቀየረ። ዘነበ። አላፈሰሰም። ይታይሽ ተኝታለች።

መስከረም 18፣ እሑድ

ሽማግሌ መጣብን። አያ ምህረቴና ሁለት ሰዎች፤ ነጭ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው። ምሳ ላይ ደረሱ። ይታይሽ አብረው እንዲበሉ አቀረበች። አያ ምህረቴ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ይኸነው፣ የመጣነው ለዕርቅ አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«እናንተ ከታረቃችሁ ወዲህ ሕዝቡ ተቸግሯል። ጉማሬው አፉን ይከፍታል፤ ዛሬ ብርድ ነው ይላል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደንበኛውን ሱሪው ስለጠመመ ይቅርታ ጠየቀው። ሰዉ አዳራሹን ጥሎ ወጣ። ይኼ ጉማሬ ነው ታዲያ?»

ሁሉም ያውቃል ማለት ነው። ጉማሬው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ከመቼ ጀምሮ? አልጠየቅኩም።

«ትንሽ አስቀይማት» አሉኝ አያ ምህረቴ፤ እየለመኑ። «ለሕዝብ ብለህ። ትንሽ ነገር። እሷ ለደጊቱ በስልክ ትነግራታለች።»

ይታይሽን አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌ የለመነውን እንዴት እምቢ ይሏል። ወጡን በእንጀራ አጣቀስኩ፤ ጎረስኩ። ሦስቱም አፌን ያያሉ።

«ወጡ ጨው በዝቶበታል» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ፊታቸው ፈካ።

«ኧረ አልበዛም፤ ለክቼ ነው የጨመርኩት» አለች ይታይሽ።

ጠበቁኝ። አንዱ ወደፊት ዘንበል አለ። አፌን ከፈትኩ።

«እውነቷን ነው፤ አልበዛም» አልኩ።

አያ ምህረቴ እጃቸውን ታጠቡ። «በሉ እንሂድ፤ ይኼ ሰው አብቅቶለታል» አሉ። እስከ አጥሩ በር ሸኘኋቸው።

ስመለስ ይታይሽ ከወጡ በጣቷ ትቀምሳለች። «ይኸነው» አለችኝ፤ «ጨው እኮ በዝቶበታል።»

ገና ስጎርስ ነው ያወቅኩት። ተቀመጥኩና የቀረውን በላሁ።