የጠጠረው አየር

ኅዳር 5
ዛሬም ላስቲክ። እዚህም እዚያም መስኮት ላይ ላስቲክ ስወጥር፣ ሚስማር ስመታ ዋልኩ። መስታወት ገጣሚ ነኝ ማለት እያሳፈረኝ መጥቷል... የመስታወት ፋብሪካው የተመታው ጦርነቱ በጀመረ በዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማው ሁሉ ውጭውን የሚያየው በላስቲክ ነው። ያውም ካየ። ጭጋግ ውስጥ እንደመኖር ነው።

ላስቲክ ነጋዴው ጎረቤታችን ግን ሁለተኛ ፎቁን ጨረሰ። ድምፁም ወፍሯል።

ማታ እንደ ወትሮው ኮሪደር ላይ ተኛን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጃችን ሚጢጢ። ኮሪደሩ መስኮት የለውማ። ሚጢጢ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሰው ክፍል ውስጥ እንደሚተኛ አታውቅም።

ኅዳር 11
በሬዲዮ ተነገረ። ተፈራረሙ። አበቃ ተባለ... ሰፈሩ ጭጭ። ማንም አልጮኸም። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ወጥቶ እርስ በርሱ ይተያያል። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ዝምታ ይሰማል እንዴ? ይሰማል። ቆሜ ሰማሁት።

«ሰማሽ?» አልኳት ባለቤቴን።
«ሰማሁ።»
«ታዲያ?»
«ታዲያማ... ፍራሹን አንጥፍ።»

ኮሪደር ላይ ማለቷ ነው።

ኅዳር 28
መስታወት ገባ! ከድንበር ማዶ፣ በከባድ መኪና። አለቃዬ ደውሎ «ቶሎ ና» ሲለኝ ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር። የሣጥኑን ክዳን ስናነሳ አፋችንን ይዘን ቀረን። ከጭዱ መሐል... ምንም የሌለ ይመስላል እኮ። ግን አለ! መቁረጫዬን በሸሚዜ ጠርጌ ጠርጌ አልጠግብ አልኩ።

«ምነው፣ እንደ ሙሽራ አደረገህሳ!» ብሎ አለቃዬ ሳቀብኝ።

አሰመርኩ። መታ አደረግኩ። ቀጥ ብሎ ተቆረጠ። እጄ አልረሳም! እንባዬ መጣ፣ ምን እደብቃለሁ።

ላስቲክ ነጋዴው ወሬውን ሲሰማ «ጥሩ ነው... ጥሩ ነው» አለ። ፊቱ ግን ሌላ ነበር። ሰላም ያስከፋው ሰው ሳይ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ታኅሣሥ 2
የመጀመሪያው ሥራ የሚጢጢ ትምህርት ቤት። ትምህርት ስለሌለ ይዣት ሄድኩ። የክፍሏን መስኮት ገጥሜ፣ ጠርጌ ስጨርስ ወንበር ላይ ወጣች። ውጭ ቅርንጫፉ ላይ ወፍ አለች። ልትነካት እጇን ሰደደች። ቋ!

ደነገጠች። እጇን አየች። እንደገና ሰደደች፣ ቀስ ብላ።

«አባዬ... አየሩ ጠጠረ!»

መሳቅ አቃተኝ። መስኮት ማለት ላስቲክ ነው ብላ ያደገች ልጅ። ያውም የመስታወት ገጣሚ ልጅ! ስንት ሕንፃ ሲፈርስ አይቻለሁ፤ እንደዚህ ቃል ያስደነገጠኝ ግን የለም።

መዳፏን ለጠፈችበት። ጉንጯን ለጠፈችበት። በመጨረሻ ላሰችው። እኔም ዞሬ አየሁት... እውነትም ጉድ ነው። ነፋስ አያሳልፍ፣ ብርሃን ያሳልፍ። ዕድሜ ልኬን ስሠራው ጉድ መሆኑ አልታየኝም ነበር።

ታኅሣሥ 3
ለባለቤቴ ላልነግራት አስቤ ነበር። ሚጢጢ መች አስችሏት! «እማዬ፣ አየሩ ጠጥሮ...» እናትየው ሳታስበው የራሷን ጉንጭ ነካች። ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ የወረደውን ጠባሳ።

የሳሎናችን መስታወት የተወው ነው። በሠርጋችን ሰሞን ራሴ የገጠምኩት፤ በመንገዱ ላይ እሱን የሚያህል አልነበረም። ፍንዳታው ሲያረግፈው ሚጢጢን አርግዛ ሥሩ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ በኋላ «እኔ ባለሁበት ቤት መስታወት አይገባም» አለች። እሷ ካለች አለች ነው። እኔስ ምን አፍ አለኝ? ግን ሰላም ወርዶም ኮሪደር ውስጥ ልናረጅ ነው?

ታኅሣሥ 9
አለቃዬ ለሳሎናችን የሚበቃ መስታወት መረቀልኝ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ እንደ ሌባ እየተሽሎኮለኩ ግቢ ውስጥ አስደገፍኩት። ገልጣ አየችው።

«ይሄን ነገር ከፊቴ አንሳልኝ።»
«አንድ ጊዜ ስሚኝ...»
«ፊቴን እያየህ ነው እንዲህ የምትለኝ?»

ተሸክሜ መለስኩት።

ታኅሣሥ 16
ዛሬ ሚጢጢን ከትምህርት ቤት ያመጣቻት እናቷ ናት። ሲመሽ ሳልጠይቃት ታወራልኝ ጀመር። ልጆቹ በሙሉ አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ደፍጥጠው ወላጅ ይጠብቃሉ። ሚጢጢ ከውስጥ ስታያት ትለፈልፋለች፤ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። እናቷ ቀረበች። ቀርባ... በልጇ ፊት ላይ የራሷን ፊት አየች። ሚጢጢ ከውስጥ ሆና ጣቷን በመስታወቱ ላይ፣ ልክ ጠባሳው ባለበት አስኬደች።

«እየሳቀች እኮ ነው» አለችኝ።

ሻይዋ ቀዘቀዘ።

«አይሰበርም በለኝ።»

ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አይሰበርም ብል ምን ነበረበት? ግን ሚስቴ ናት...

«ይሰበራል» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ።

«እንግዲያው በትንንሹ ቁረጠው። አንድ ወጥ አልፈልግም።»

ወዲያው ተነስቼ መስኮቱን ለካሁ።

ታኅሣሥ 20
መስታወቱን መልሼ አመጣሁት። የሳሎኑን መስኮት በእንጨት ከፋፍዬ በትንንሹ ቆርጬ ገጠምኩ። ከውጭ መስታወቱን የሚያጣብቀውን ስቱኮ እስክለጥፍ ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ሚጢጢን ልጠራ ስል እናቷ መጣች። በባዶ መዳፏ ያዘችው! እኔ ከውጭ፣ እሷ ከውስጥ። ስንት ዓመት ሙሉ በእንዲህ ያለ ብርሃን አላየኋትም። እንዴት ታምራለች... ፈዝዤ ቀረሁ። «ምን ያስፈጥጥሃል፣ ሥራህን ሥራ!» ስትል ከአፏ አነበብኩ።

ልማዴ ስጨርስ የእጅ አሻራ መጥረግ ነው። የሷን አልጠረግኩም።

ታኅሣሥ 27
ሳሎን አደርን። ፀሐይ ቀሰቀሰችን። ሚጢጢ ወለሉ ላይ ያረፈውን ብርሃን በእግሯ እየረገጠች ስትጫወት...

አውሮፕላን።

ሦስታችንም ደረቅን። መስታወቶቹ እንደ ብርድ የያዘው ሰው ጥርስ ተንቀጫቀጩ። እኔ ዘልዬ ኮሪደር ገባሁ። ኑ ብዬ ስዞር ባለቤቴ መስኮቱ ጋ ናት። መስታወቱን በመዳፏ ደግፋ፣ ቀና ብላ ታያለች።

«የመንገደኛ ነው» አለች።

ሚጢጢ ሮጣ ሄደች። «ውስጡ ሰው አለ?»
«አለ።»
«የት ይሄዳሉ?»

እናቷ አሰበች፣ አሰበች።

«ዘመድ ሊጠይቁ።»

ሁለቱም እጃቸውን አውለበለቡለት። እኔ ብቻ ነኝ ኮሪደር ውስጥ የቀረሁት።