የፊት ለፊቱን መስኮት የሚያቀርበው ሌንስ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደብዳቤውን ስትጨርሺው «ደህና» የሚለውን ቃል ራስሽ ትመዝኚዋለሽ። ፊደሌ ቢወላገድብሽ እርጅና መስሎሽ አትሳቂብኝ። ምክንያት አለው፣ ቦታው ሲደርስ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ የጎረቤታችንን ነገር ልንገርሽ። ከግቢው ማዶ፣ ፎቁ ላይ የምትኖረው ጸጉር ሠሪ፣ ትምህርትሽን ስትጨርሺ ጸጉርሽን በነጻ የሠራችልሽ፣ ሆስፒታል ከተኛች ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። መንጋጋዋ ሁለት ቦታ ተሰብሮ በሽቦ አስረውታል። ምግቧ በቀጭን ቱቦ የሚሳብ ነገር ብቻ ነው። እሁድ ሾርባ አጥልዬ ወሰድኩላትና «እንዴት ነው?» ስላት ወረቀት ተቀብላ «ጨው ረስተሻል» ብላ ጻፈችልኝ። ሰው እንዲህ ሆኖም ጨው ይቆጥራል። ሰባት ዓመት የሞላት ልጇ እኔ ጋ ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ አታወራም። በር ሲንኳኳ ከስፌት ጠረጴዛዬ ሥር ትገባለች።

ባሏን ታውቂዋለሽ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩን። የግቢው ሰው «ጨዋው» ነው የሚለው። የአሮጊት ዘንቢል ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ፣ ሕፃን ሲያይ ከኪሱ ከረሜላ የሚያወጣ። እሷ ደግሞ ስሟ «ወዳቂዋ» ሆኖ ቀርቷል። ደረጃ ላይ ወደቅሁ፣ መታጠቢያ ቤት አዳለጠኝ፣ የቁም ሣጥን በር መታኝ ትላለች። ሴቶቹ «አንቺ ምናለ ጫማሽን ብትለውጪ» እያሉ ይቀልዱባታል። እኔም አብሬ ስቄአለሁ፣ አልዋሽሽም። የወዳቂን ነገር ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ሆኜ ሳለ።

የስፌት መኪናዬ እንደምታውቂው መስኮቱ ሥር ነው። ከእኛ ሦስተኛ ፎቅ ሆኜ ቀና ስል የማየው የእነሱን ወጥ ቤት ነው። መስከረም ላይ አንድ ቀን የተማሪ ኮሌታ እየሰፋሁ ቀና ስል፣ ጸጉሯን ከኋላ ጨብጦ ግንባሯን ከዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ ጋር ሲያጋጨው አየሁ። አንድ ጊዜ። ደግሞ። ከዚያ ቧንቧውን ከፈተና ደሙን አጠበላት፣ ልክ ሳህን እንደሚያጥብ ሰው፣ ሳይቸኩል። ኮሌታውን ገልብጬ ሰፍቼው ነበር፤ ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። አንድ ወጣት ፖሊስ ቁጭ ብሎ ሰማኝ። «እትዬ፣ እሷ ራሷ ወደቅሁ ነው የምትለው። ማስረጃ አለዎት?» አለኝ። ያኔ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ትተሽው የሄድሽው ካሜራ ትዝ አለኝ።

ፎቶ የሚቀመጥበት ካርድ አልነበረውም። አንቺ የምታውቂው ካርዱን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት ያልኩሽን ነው። ውሸቴን ነበር። የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ጠርዝ በምላጭ ፈታሁና ከውስጡ አወጣሁት። ስምንት ዓመት እዚያ ተሰፍቶ ነበር። አባትሽ በሕይወት እያለ መጋረጃውን ስንት ጊዜ እንዳጠብኩት አስቢው፣ አንድ ቀን አልፈታሁትም። ከሞተም ሦስት ዓመቱ፣ ያኔም አልፈታሁት። ካርዱ ላይ ያለውን አልከፈትኩም። ምን እንዳለበት አንቺም እኔም እናውቃለን።

በዚያ ካርድ ሁለት ሳምንት ጠብቄ አነሳኋቸውና ለፖሊሱ ወሰድኩለት። የመጨረሻዎቹን ስልኩ ላይ አድርጎ በጣቱ እየለጠጠ አየ፣ አየ፣ ከዚያ «ይሄ ሰው ነው ጉንዳን?» አለኝ።

«ሰውዬው ነው።»

«እጁ የታለ?»

«ያውና።»

«እትዬ፣ ያ መጋረጃ ነው።»

ክፉ ልጅ አይደለም። ሲሸኘኝ «ፊት የሚለይበት ነገር ያምጡልኝ፣ ከዚያ ለእኔ ይተዉት» አለኝ።

ስለዚህ ሌንስ ፍለጋ ወጣሁ። እናትሽ፣ ከክርና ከቁልፍ ሌላ ገዝታ የማታውቀው። ከሰዓት ሠሪው አጠገብ ደረጃ ሥር ያገለገለ ካሜራ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለች፤ ባለቤቱ መነጽሩን በሽቦ የጠገነ ሽማግሌ ነው። ትልቁን፣ ክንድ የሚያህለውን ሌንስ አሳየኝና መልሶ ሰቀለው። «ይሄ ለእርስዎ አይሆንም፤ ለትልቅ ካሜራ የተሠራ ነው፣ ትከሻ ይሰብራል። የእርስዎ ካሜራ ሴንሰሯ፣ ሥዕሉ የሚያርፍበት ገበታዋ፣ ትንሽ ነው። ከሥዕሉ ጠርዙን ጥላ መሃሉን ብቻ ነው የምትወስደው።»

«እንደ ጨርቅ? ዳሩን ቆርጦ ጥሎ?»

«እንደ ጨርቅ። ስለዚህ ይሄ ትንሹ፣ ከሃምሳ አምስት እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ የሚለው፣ በእርስዎ ላይ እንደ አራት መቶ ያቀርባል። መቆረጧ ነው የሚጠቅምዎት።»

ሌንሱን ከአምፖሉ ፊት ያዘልኝና በውስጡ አሳየኝ። «ሻጋታ የለውም» አለኝ። «ዳቦ ነው እንዴ የሚሻግተው?» ብለው ከልቡ ሳቀ። ለካ ብርጭቆም ይሻግታል፤ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ነው የሚታየው አለኝ። እኔም በተራዬ የለመድኩትን አደረግሁ፤ ስፌት ስመረምር ወደ ብርሃን እንደምይዘው ገለባበጥኩት። ቀለበቱን አሽከረከርኩት፣ አሸዋ እንደገባበት ነገር አይንኮሻኮሽም። ወደ ታች ሳዘነብለው ግን በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ረዘመ። «ላልቷል» አልኩት።

«ላልቷል። እጅ ሲንቀጠቀጥ የሚያረጋጋው ክፍሉም ሞቷል። ለዚህ ነው የረከሰው። አልደብቅዎትም።»

«መላላቱን እኔ አጠብቀዋለሁ፤ መንቀጥቀጡንም አስደግፈዋለሁ።»

«ለምንድን ነው የፈለጉት? ለወፍ?»

«አዎ፣ ለወፍ።»

«ምን ዓይነት ወፍ?»

«ቁመቱ ከበሩ ጉበን የሚደርስ።»

ሊስቅ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ከዚያ ምንም ሳልለምነው ዋጋውን ቀነሰልኝ። መደወያውን አረንጓዴው ምልክት ላይ አድርጎ «እዚህ ላይ ይተዉት፣ የቀረውን ሁሉ ካሜራዋ ራሷ ታውቃለች» አለኝ። ይሄን ቃል ያዢልኝ።

ቤት ገብቼ ለሌንሱ ከሰፊ ላስቲክ መቀነት ሰፋሁለት፣ እንደ ሕፃን ካልሲ። አልተንሸራተተም። አንድ ከረጢት ቁርጥራጭ ጨርቅ ሞልቼ የስፌት መኪናው ክንድ ላይ አስቀመጥኩና ካሜራውን እዚያ ላይ አስደገፍኩ። መጀመሪያ ስመለከትበት ደንግጬ ወደ ኋላ አልኩ፤ የእነሱ ወጥ ቤት እኔ ጭን ላይ የመጣ መሰለኝ። ምድጃው ላይ የተረሳች ማንኪያ ሳይቀር ትታየኛለች።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ሰማዩ ተጭኖ ካፊያ ይወርዳል፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት። እሱ ከሥራ ቀደም ብሎ ገባ። ሸሚዙን አውልቆ ወንበር ላይ በሥርዓት ሰቀለው። ያን ሳይ አወቅሁ፣ ምክንያቱም አባትሽም ሸሚዙን ያወልቅ ነበር።

የጸጉር ማድረቂያዋን በገመዱ ጨብጦ አወናጨፈው። ልጄ፣ በሌንሱ ውስጥ ድምፅ የለም። የአጥንቱን ድምፅ አትሰሚም፤ ብቻ ፊቷ ከቦታው ሲሄድና ሳይመለስ ሲቀር ታያለሽ። እጇ ላይ ማበጠሪያ ነበር፣ እሱን አልለቀቀችም። ሁለተኛው ምት ከጎን አገኛት፤ ከአፏ የወጣው ነገር ምድጃው ላይ ከማንኪያዋ አጠገብ አረፈ። ስትወድቅ ከጸጉሯ አነሳት። እኔ እጫናለሁ። አንድም ጊዜ አልተንቀጠቀጥኩም። አሥር ጊዜ ተጫንኩ፣ አሥሩንም ጊዜ መስኮቱን ከፍቼ መጮህ ስችል። ይሄን ለፖሊሱም አልነገርኩትም፣ ላንቺ ነው የምነግረው።

አሥራ አንደኛው ላይ ደመናው ጠቆረ። ሁሉን ታውቃለች የተባለችው ካሜራ ጨለማ መሆኑን አወቀችና ከአናቷ ላይ ክዳን ከፍታ ብልጭ አደረገችው። ግቢው በሙሉ እንደ መብረቅ በራ። ሹፌሩ ቀና አለ። በሌንሱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየን፣ ከዚህች ወረቀት በሚቀርብ ርቀት። ከዚያ ሸሚዙን መልሶ ለበሰና የሸሚዙን ቁልፎች እየቆለፈ፣ በሩን ክፍት ትቶ ወጣ።

ደረጃውን ወርዶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ እኛ ጋ እስኪወጣ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ካርዱን አወጣሁ። ከመርፌው ሥር ያለችውን ክዳን ገልጬ የታችኛው ክር ከሚቀመጥበት ጎድጓዳ ከተትኩት፣ ዘጋሁት። በሩን ቆልፌ ተቀመጥኩና ኮሌታ መስፋት ጀመርኩ። በሩ በሁለተኛው ርግጫ ተገነጠለ።

«እናታችን፣ እንደምን ዋሉ» አለኝ። እስከ ክርኑ ደም ነበር። «ካሜራውን ይስጡኝ።»

ሰጠሁት። ከፍቶ አየው፣ ባዶ ነው። መሬት ላይ ከሰከሰው። ሌንሱን በተረከዙ ረገጠው፤ ላስቲኬ ብቻ ነበር ሳይሰበር የቀረው። «ካርዱስ?»

«ልጄ ይዛው ሄዳለች።»

«እናታችን፣ ትልቅ ሰው አይዋሽም።» ቀኝ እጄን ያዘና መርፌው ሥር አስገባት። ሞተር ካስገባሁለት ወዲህ መኪናው እንዴት እንደሚፈጥን ታውቂያለሽ። እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳረፈ።

መርፌው በጠቋሚ ጣቴ ጥፍር መሃል ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ፣ ክሩን ይዞ። በሦስተኛው አጥንት ላይ ተሰበረ። ካርዱ ከጣቴ ሥር አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ተቀምጧል። እሱ እያጎነበሰ በጆሮዬ «የት ነው?» ይለኛል፣ በዚያች አውቶቡስ በር ላይ ሰው በሚያስቀድምባት ድምፁ። ካውያው በግራዬ ነበር፤ ለኮሌታው አግዬው ሶኬቱን አልነቀልኩም። አነሳሁትና ጉንጩ ላይ አሳረፍኩት። አልወረወርኩትም፣ አሳረፍኩት፣ ተጫንኩት፣ እንደ ወፍራም ሱፍ። ሦስት ድረስ ቆጠርኩ። ሽታውም የሱፍ ነው። ከሥሬ ያሉት ጎረቤቶች የሰሙት ጩኸት የእሱ ነው፤ የእኔን የስንት ዓመት ጩኸትም ሆነ የእሷን ማንም ሰምቶ አያውቅም።

ሰዎች ሮጠው ሲመጡ መጀመሪያ «ጨዋው ምን ሆነ?» እያሉ እሱን ነበር ያነሱት። የግቢው ዘበኛ ነው ከታች የተጣራው። ሹፌሩ ወደ እኔ ሲወጣ ሚስቱ በአራት እግሯ ደረጃውን ወርዳ፣ መንጋጋዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ የግቢው በር ላይ ተቀምጣ አገኟት። ያ ብልጭታ ስህተቴ ነው። ግን የሹፌሩን እጅ ከእሷ ላይ ያነሳው ያው ብልጭታ ነው። ፖሊሶቹ ሲመጡ ሹፌሩን ይዘውት ሄዱ፤ ካርዱንም ከስፌት መኪናው አውጥቼ ለዚያው ወጣት ፖሊስ ሰጠሁት።

ሐኪሙ የመርፌውን ስብርባሪ ከጣቴ ሲያወጣልኝ ክር ተከትሎ መጣ። «ይሄን ማን ሰፋው?» አለኝ። «ልምድ የሌለው ሰው» አልኩት። አሁን ብዕሩን የያዝኩት በአውራ ጣቴና በመሃል ጣቴ ነው፣ እንግዲህ ፊደሌን ፍረጂው።

ቅዳሜ የሹፌሩ እናት መጣች። እመር ብላ ገብታ «የልጄን መልክ አበላሸሽው። ልጄ ሰው መትቶ አያውቅም፣ እሷ ናት የምትወድቀው» አለችኝ።

«እሱም ካውያ ላይ ወደቀ» አልኳት።

ቆማ አየችኝ፣ ከዚያ ተቀመጠችና አለቀሰች። ውሃ ሰጠኋት። የሷም ባል ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ልጠይቃት ብዬ ተውኩት።

ትናንት ደግሞ ሽማግሌው ሌንስ ሻጭ ሰው አመላክቶት መጣ። የሌንሱን ስብርባሪ በጋዜጣ ጠቅልሎ «ወፉ ተያዘ?» አለኝ። «ተያዘ» አልኩት። «የላስቲኩን ሐሳብ ግን ወስጄዋለሁ፣ ሱቅ ያለው ሁሉ ላልቷል» ብሎኝ ሄደ። የካሜራሽ አካል ይሠራል ብሏል፤ መሰንጠቁን ራሱ እንደሚያሽግልኝ ነገረኝ። ስትመጪ ታገኚዋለሽ። ስትመጪ አልኩ እንጂ መቼ ነው አላልኩም። ሁለት ዓመት ድምፅሽን አልሰማሁም፣ አልቀየምኩሽም።

እግርሽ የረገጠው ሁሉ ይቅናሽ፣ ክፉ እጅ አይንካሽ፣ እንቅልፍሽ ሙሉ ይሁን ብዬ እዚህ ላይ ልፈርም ስል በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ጠረጴዛው ሥር ገባች። የመጣው ፖሊሱ ነው፤ አሁን ነው የወጣው። ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ ብሎ ለልጅቷ ሰላምታ ሰጣትና እኔን «እትዬ፣ ካርዱን ሙሉውን አየነው» አለኝ። «የሐሙሶቹ ግልጽ ናቸው። ፊቱም፣ እጁም፣ የያዘውም ነገር። አይወጣም። ግን ከሁሉም በፊት አንድ የቆየ ፎቶ አለ። አንዲት ሴት በዚህ መስኮት ሥር ቆማ፣ ቅንድቧ ተሰንጥቆ፣ አንድ ዓይኗ ተደፍኖ። እሷ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

«ወድቀው ነው?»

«አይደለም» አልኩት።

ደብተሩን ከፈተ። «ማን አነሳዎት?»

«ልጄ» አልኩት። «በአሥራ ስድስት ዓመቷ። ያኔ እጄን ይዛ ወደ እናንተ ልታመጣኝ ነበር።»

እናትሽ