የምትኩ ክንድ

ይሁኔዬ፣

እንዴት ከርመሃል ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ ግን መልስ የማይመጣበት ጥያቄ ሆድ ያባባል። ከተለየኸን ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ስትወርድ ሆዴ ገና አልገፋም ነበር። ወባው አንተን በወሰደ በአራተኛው ወር ወንድ ልጅ ወለድኩ። እናትህ ምትኩ ብለው ስም አወጡለት፤ አንተን እንዲተካ ነው። ዓይኑ ያንተ ነው፤ ሲቆጣ ግንባሩን የሚቋጥረውም እንዳንተ ነው።

ልጅህ ስንዱ አራት ዓመቷን ጨርሳለች። ወሬ ታበዛለች፣ ሁሉን ትጠይቃለች። እናትህ ዓይናቸው ደክሟል፤ ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን መሳም አልተዉም። ማሳውን ወንድምህ አያ ደሴ ናቸው የሚያርሱልን። አምና የዘሩት ጤፍ ያማረ ነበር። ሊያሸት ሲል ግን በረዶ ወረደበት፤ ከደጃችን እስከ ወንዙ ድረስ ያለውን ቡቃያ መሬት ላይ አንጥፎት ሄደ። ለከብት የሚሆን ገለባ ሰበሰብን፤ ለሰው የሚሆን እህል ግን አልገባም።

ግንቦት ሲገባ ጡቴ ነጠፈ። ዳዴ እያለ ቤቱን ሲያካልል የነበረው ልጅ ያስቀመጥኩበት ቦታ ይውል ጀመር። ማልቀሱንም ተወ። ያስፈራኝ ከለቅሶው ይልቅ ዝምታው ነበር።

በዚያው ሰሞን ሙሉነሽ ቤት ለቤት ዞረች። አታውቃትም፤ ካለፍክ በኋላ ጤና ኬላችን የተመደበች ልጅ ናት። መንግሥት ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ለከሱ ሕፃናት አልሚ ዱቄትና ዘይት ልኳል፣ ረቡዕ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑና ይለኩ አለችን። ደስ ብሎኝ ለአያ ደሴ ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«የይሁኔ ልጅ ለዱቄት ሊሰለፍ? እኔ ሞቻለሁ? የእኛ አገር ሰው ለሌላው እህል ይጭናል እንጂ እጁን አይዘረጋም። ትንሽ ታገሺ፣ እኔ አለሁ።»

ታውቃቸዋለህ፤ ክፋት የላቸውም። በማግሥቱ አንድ ቁና ገብስ ይዘው መጡ። እኔም ረቡዕን ቤቴ ዋልኩ። ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፤ ሰው አፍሬ ልጄን አስቀረሁት። በሳምንቱ ተቅማጥ ያዘው። ምንጭ ስወርድ ያገኘኋት የአያ ደሴ ሚስት ደግሞ ዙሪያዋን አይታ፣ «ያመጣልሽ ገብስ እኮ ለዘር ካስቀመጥነው ነው። ሌላ የለም» አለችኝ። እንስራዬን እዚያው ጥዬ ወደ ቤት ሮጥኩ፤ ምትኩን አዝዬ ጤና ኬላ ደረስኩ።

ሙሉነሽ ቀለም ያለባት ቀጭን መለኪያ አለቻት፤ የልጁ ክንድ ላይ ትጠመጥማታለች። አረንጓዴው ላይ ካረፈ ልጁ ደህና ነው፣ ዱቄት የለውም። ቢጫ ከሆነ ይሰጠዋል። ቀይ ከሆነ ግን ዱቄቱም አያድነውም፤ ቁይ ከተማ ጤና ጣቢያ ድረስ ወስዶ ማስተኛት ነው። ወረፋዬን ስጠብቅ ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ። እናት ልጄን ደህና አድርግልኝ ብላ ትለምናለች እንጂ ከስቶ ይገኝልኝ ትላለች? እኔ ግን በልቤ ቢጫ፣ ቢጫ እል ነበር። ቢጫ ሆነ፤ ለቀዩ ጥቂት የቀረው ቢጫ። እፎይ አልኩ፤ ወዲያው በገዛ እፎይታዬ አፈርኩ።

ሙሉነሽ መዝገቧን አገላበጠች። «እታለም፣ ለብቻሽ አልተመዘገብሽም። ባልሽ ካረፈ ወዲህ በአያ ደሴ ቤተሰብ ውስጥ ነው የተቆጠራችሁት። የእሳቸው ቤት ደግሞ ራሱን የቻለ ተብሎ ተጽፏል» አለችኝ። ስማችን እንዲገባ አያ ደሴ ራሳቸው ቅዳሜ ቀበሌ ቀርበው ሊያበሉን እንደማይችሉ መናገር ነበረባቸው። ሰኞ ዝርዝሩ ወደ ወረዳ ይሄዳል።

ሞፈር ሲጠርቡ አገኘኋቸው። የምትኩን ክንድ ገልጬ አሳየኋቸውና ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ቀና ብለው አላዩኝም። «ሰው ሁሉ ፊት?» አሉ። ወደ ሞፈራቸው ተመለሱ።

ከዚያ እስከ ቅዳሜ የነበረውን ሁለት ቀን እንዴት ብዬ ልጻፍልህ። ምትኩ ሲተኛ እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ መተንፈሱን አያለሁ፤ ሲነቃ ደግሞ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው። አንተ ብትኖር ወንድምህን እንዴት እንደምታናግራቸው ታውቅበት ነበር። እኔ ግን ደግሜ ልሂድ ብል የባሰ እንዳላስቆጣቸው ፈራሁ፤ ዝም ብል ደግሞ ይቀሩብኛል ብዬ ፈራሁ።

ቅዳሜ ቀበሌው ደጃፍ ላይ ሴቱም ወንዱም ተሰብስቧል። ስሜ ተጠራ። አያ ደሴ የሉም። ሊቀመንበሩ፣ «እንግዲህ የቤቱ አባወራ ካልመጣ በሚቀጥለው ዙር ነው» ብሎ ወደ ሌላ ስም ሊያልፍ ሲል ከኋላዬ ሰው ሲተረማመስ ሰማሁ። አያ ደሴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ፊት መጡ።

«የወንድሜ ልጆች ናቸው» አሉ። «አበላቸዋለሁ ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ማብላት አልቻልኩም። ጎተራዬ ከመጋቢት ጀምሮ ባዶ ነው። ጻፏት።»

ይሁኔ፣ ያን ጊዜ መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር፤ ለራሴ ሳይሆን ለእሳቸው። ቀጥ ብለው ቆመው ነበር። ቆይቶ ከወንዶቹ መሃል አንድ ሽማግሌ፣ «የእኔም ባዶ ነው» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ጸሐፊው የልጁን ስም ጠየቀኝ። ምትኩ አልኩት። የአባቱን ሲለኝ አያ ደሴ ቀድመውኝ፣ «ይሁኔ» አሉ።

ዱቄቱን የተቀበልኩ ዕለት ገንፎ ሳገነፋ ስቸኩል አጓጎልኩት። ድንገት ስንዱን የወለድኩ ሰሞን ትዝ አለኝ። እናትህ ለቅሶ ሄደው፣ ጎረቤትም ጠፍቶ፣ አንተ ራስህ ማማሰያ ይዘህ ገንፎ አገነፋህልኝ። ግማሹ ጥሬ፣ ግማሹ ጓል ነበር። ጨርሼ እስክውጠው ድረስ አጠገቤ ተቀምጠህ፣ «ብዪ፣ አንቺ ስትበዪ ነው እሷ የምትጠግበው» ትለኝ ነበር። ይህን እያሰብኩ ምትኩን አቀፍኩት። የመጀመሪያውን ማንኪያ ተፋው። ሁለተኛውን ዋጠ። ሦስተኛውን አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ።

ጭንቀቴ አላለቀም። ማክሰኞ እንደገና ይለካል። ቀይ እንዳይሆን እፈራለሁ። አረንጓዴ ቢሆን ደግሞ ዱቄቱ ይቆማል፤ አዝመራው ገና ሩቅ ነው። ስንዱ ክንዷ ደህና ስለሆነ ለእሷ አልተሰጠም። ስናበላው ማንኪያውን በዓይኗ ትከተለዋለች። ለሌላ አታካፍዪ ተብያለሁ፤ እኔ ግን ድስቱን እንድትጠርገው እሰጣታለሁ።

እንዳልረሳህ የምገባልህን ቃል ስማኝ። ምትኩ እግሩ ሲጠና፣ ወንድ ልጅ ነው ብለው ቢስቁብንም፣ ማማሰያውን አስይዘዋለሁ። ሲጓጉልበት አላርመውም። አጠገቡ ተቀምጬ እየበላሁ፣ «አባትህም እንዲሁ ነበር የሚያገነፋው» እለዋለሁ።

ያንተው ጥሩወርቅ