ኮፈን የሌላት ፒካፕ

ለውዴ ለዴታሞ፣

እንደ ደብዳቤ ወጉ መጀመሪያ ጤንነትህን ልጠይቅ እጄ ሄዶ ነበር፤ መለስኩት። ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ያኔ ሐምሌ ነበርና ቀባሪው በጭቃው እየተንሸራተተ፣ አንዱ ሌላውን እየደገፈ ነው የሸኘህ። አሁን መስከረም ገብቷል፤ ሆሳዕና ፀሐይ ወጥቶላታል። እኔ ግን ዛሬም ዝናብ ጣራችንን ሲመታው ተሸክመውህ ከበር ሲወጡ ይታየኛል።

ይህን የምጽፍልህ ናፍቆት ብቻ ገፋፍቶኝ አይደለም። የምናዘዝልህ ጥፋት አለኝ። መኪናህን አበላሽቻት ነበር። እንዴት እንደሆነ እነግርሃለሁ፤ አስቀድሜ ግን የቤቱን ወሬ ልጨርስ፣ አንተም ብትሆን ከሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን ነበር።

ጓሮ የተከልካቸው እንሰቶች ከጣራው በላይ ሆነዋል። እናትህ ከእኔ ጋር ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። ለመስቀል የቅርጫ ሥጋችንን ወንድምህ አመጣለሁ ብሏል። ስኳር ሲመጣ ቀበሌ ሱቅ እሰለፋለሁ፤ ሳይመጣም እየመጣ ነው ሲሉ እሰለፋለሁ። ትምህርት ቤት አሁንም አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። መንግሥት የዘጋው የጸሎት ቤታችን በር እንደታሸገ ነው፤ ሣሩ ደጃፉ ድረስ ደርሷል።

ከሁሉም የከበደኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ንግግር። እናትህ ሐዲይኛቸውን ይናገራሉ፤ የእኔ ሐዲይኛ ገበያ ወጥቶ ከመግባት አያልፍም። የእኔ ከምባትኛ ደግሞ ሺንሺቾ እናቴ ቤት ቀርቷል። አንተና እኔ ባማርኛ ተዋደድን፣ ባማርኛ ተጣላን፣ አንተ በእኔ አነጋገር እየሳቅክ፣ እኔ ባንተ። አሁን በዚህ ቤት አማርኛ የሚሰማው ለራሴ ሳወራ ነው። ብቸኛ ነኝ ዴታሞ። ለስለስ የሚል ቃል ፈልጌለት አጣሁ።

አሁን ወደ መኪናዋ ልምጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከጋራዥ ስትመለስ እጅህን ታጥበህ፣ ምሳህን በልተህ፣ ከዚያ ያንኑ ቆርቆሮ ይዘህ ትቀመጣለህ። ሳምንቱን ሙሉ የተጨማደደ የመኪና አካል ስታቃና የኖርክ ባትላሜራ፣ የዕረፍት ቀንህንም መልሰህ ለመኪና ትሰጣለህ፤ ያውም አንድ ክንድ ለማትሞላ። የዘይት ጣሳ ቆርጠህ ጋቢና አደረግህላት፤ ከአሮጌ በረባሶ ጎማ አወጣህ። ልኩን ስትወስድ የጤና ጥበቃውን ፒካፕ በስንዝርህ ትለካና እቤት መጥተህ ስንዝሩን በጣት ትመነዝረዋለህ፤ አንድ ስንዝር፣ አንድ ጣት። ሜትር አያውቅም እንዳይሉህ ሜትርህ ኪስህ ውስጥ ነበር። እኔ በጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ደብተር አርማለሁ። ለዚህች ቆርቆሮ ያደረግኸውን ለእኔ ብታደርግልኝ እስካሁን ንግሥት ነበርኩ እያልኩ እቀልድብሃለሁ። ትስቃለህ። ምን እየሠራህ እንደሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ ከልቤ ጠይቄህ አላውቅም።

ከዚያ ታመምክ፤ ሐኪሞቹ ጉበት ነው አሉ። ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆየህም። ዓይንህ ቢጫ ሆኖ፣ ድምፅህ አልወጣ እያለ፣ አንዲት ጠዋት በእጅህ መኪናዋ ወዳለችበት መደርደሪያ አመለከትክና «ጨርሺያት» አልከኝ። እሺ አልኩህ። ሌላም ልትለኝ ጀምረህ ነበር፤ አይዞህ፣ አትድከም፣ በኋላ ትነግረኛለህ ብዬ አፍህን ያዝኩት። ያ በኋላ አልመጣም።

ዓመቱን ሙሉ በጆንያ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስቀመጥኳት። ዓመትህ ሲደርስ አወጣኋት። መጀመሪያ ስፈታት ደስ አለኝ፣ ወዲያው ግን ልቤ ስብር አለ። ጣሪያዋ ወደ ታች ተጫጭኖ ሾፌሯ ኮፍያ ቢያደርግ የማያስገባው ሆኗል። የፊት ጎማዎቿ ትንንሽ፣ የኋላዎቹ ትልልቅ፤ ሆዷ መሬት ሊልስ ምንም አልቀረው። ሞተሯ ከእስክሪብቶ ቀፎ በሠራሃቸው ስምንት ቱቦዎች፣ አራት በግራ አራት በቀኝ፣ ብቻውን ፊት ለፊት ተገትሯል፤ የሚከድነው ኮፈን የለውም። ያን ጊዜ ገባኝ አልኩ። እጅህ ከድቶህ ነበር። በሽታው ቀድሞ ገብቶ ልኩን አሳስቶብህ፣ ለእኔ ላለመንገር ዝም ብለህ ስትሠራ ኖረሃል ብዬ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግሥቱ ይዣት ጋራዥ ሄድኩ፣ ወደ ጓደኛህ ወደ ሎምቤቦ። ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ከበባት። ሎምቤቦ አገላብጦ አያትና «ይቺ እንዲህ ሆና እንኳን ጊምቢቹ እዚህ ቅርብ ጃጁራም አትደርስ» አለ። ሌላው ደግሞ፣ በእኛ ዝናብ ሞተር ያለ ኮፈን የት አገር ነው? አለ። ሁሉም አዝነው ነበር፤ ያንተን ስም ለማዳን ነበር የሚሽቀዳደሙት። ጣሪያው ይነሣ፣ ሆዷ ከመሬት ከፍ ይበል፣ ኮፈን ይሠራላት ተባለ። እኔም ተስማማሁ። ሎምቤቦ እኔ ልሥራልሽ ቢለኝ እንቢ አልኩ፤ እሺ ያልኩህ እኔ ነኝና። እርሳስ አቅልጦ ማጣበቅ አስተማረኝ፤ ሁለት ጊዜ ጣቴን ተቃጠልኩ።

ጣሪያዋን በቋሚ አንሥቼ፣ ሆዷን ከፍ አድርጌ፣ ኮፈኑን ከጤና ጥበቃው ፒካፕ ላይ እንዳንተው ለካሁት፣ አንድ ስንዝር፣ አንድ ጣት። ብገጥመው ጠበበ። እንደገና ቆረጥኩ፣ አሁንም ጠበበ። ለካስ የለካሁት በእኔ ጣት ነው፤ መኪናዋ ደግሞ የተሠራችው ባንተ ጣት ነበር። የጣትህን ውፍረት ላስታውስ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመጣ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት የያዝኩትን እጅ፣ ዴታሞ፣ በአንድ ዓመት ረስቼዋለሁ። ከቀብርህ ቀን የባሰ ቀን ቢኖር እሱ ነው። በኋላ መኪናዋን ገልብጬ ሆዷን ስጠርግ፣ በቀዩ የዝገት መከላከያ ቀለም ላይ ሳይደርቅ የነካህበትን የጣትህን አሻራ አገኘሁ። ልኩን ወሰድኩ። ኮፈኑ ልክክ አለ። ሳምሁት ብልህ ትስቅብኛለህ፤ ሳምሁት።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሰምተው ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን ትቅረብ አሉ። መጫኛዋ ላይ በቆሎ ደርድረው «የገበሬ ማኅበሩ ፒካፕ» ብለው ጻፉባት። ሕዝቡ አጨበጨበ። ለእኔም የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ቃሌን የጠበቅሁ መስሎኝ አንድ ዓመት ሙሉ በኩራት ወጣሁ፣ ገባሁ።

ባለፈው ጳጉሜ በስውር ለጸሎት የምንሰበሰበው ሴቶች ተራችን እኛ ቤት ነበር። ቀስ ብለን እንዘምር ሲሉ፣ የቤት ፍተሻ የተጀመረ ጊዜ በደረቅ የእንሰት ቅጠል ጠቅልለህ ከጣራው ሥር ያሰርከው የመዝሙር መጽሐፍ ትዝ አለኝ። እናትህ መሰላሉን ያዙልኝ፣ ወጥቼ አወረድኩት። ስገልጠው ከመሃሉ አንድ የታጠፈ የመጽሔት ገጽ ወደቀ። የውጭ አገር ሚሲዮኖቹ አገር ለቀው ሲሄዱ ክሊኒካቸው ውስጥ ከተዉት የመጽሔት ክምር የወጣ መሆን አለበት። የአሜሪካ መኪና ሥዕል እቤት መገኘቱ መዘዝ እንዳያመጣ፣ ከሌላው ከሚያስጠይቀን ነገር ጋር አብረህ ደብቀኸዋል።

ቀይ ፒካፕ ናት። ጣሪያዋ ዝቅ፣ ፊቷ ለመውጋት እንዳቀረቀረ ኮርማ፣ የኋላ ጎማዋ ትልቅ። ሞተሯ ለዓለም ይታይ ተብሎ ራቁቱን ያብረቀርቃል። ኮፈን የላትም። በዳሩ ላይ ባንተ እጅ፣ መስመር በማይስተው ጽሕፈትህ፣ «ጣሪያ ሁለት ጣት ይቀነስ። ሞተር አይከደንም» ይላል። የሳትከው አንድም ነገር አልነበረም። በጤናህ፣ በሙሉ ልብህ፣ ያየኸውን ነው የሠራኸው። በሽታ ያልኩት ሁሉ ምኞትህ ነበር።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ተመለሰልኝ። ይቺን ገጽ ይዘህ በጠረጴዛው በኩል ዞረህ መጥተህ ነበር። «እስቲ እዪልኝ» አልከኝ። እኔ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ የልጆች ስሕተት ስቆጥር፣ ቀና ሳልል፣ ያምራል አልኩህ። ወረቀቱን ስታጥፈው ድምፁን ሰምቻለሁ። ያን ቀን ቀና ብል ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። ስለ ኮፈኑ አይደለም የማወራው። ባሌን ምን እንደሚያስደስተው አውቅ ነበር።

ገጹን ለሎምቤቦ ወሰድኩለት። ሥዕሉን አየ፣ ገለበጠው፣ እንደገና አየ፤ ከዚያ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «አስቴር፣ እኛ እኮ የሆሳዕና መኪና አደረግናት» አለኝና የሚሠራት ላንድሮቨር ሥር ገብቶ ቀረ። ብጠብቀው አልወጣም። እኔም አላስቸገርኩትም፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የራሴን ሥራ ራሴ አፈረስኩት። እርሳሱን አቅልጬ ኮፈኑን አነሣሁ፤ የጨመርኩባትን ቋሚ ቆርጬ ጣሪያዋን ሁለት ጣት አወረድኩ፣ ያንተን ሁለት ጣት፣ በአሻራህ ለክቼ። ከሥሯ የጨመርኩትንም አወጣሁና ሆዷ እንደገና መሬት ሊልስ ደረሰ። ጎንበስ ብላ ስትቆም አሁን ለምን እንደወደድካት አየሁ። መሄድ የፈለገች ትመስላለች። እናትህ ከደጅ ወንበራቸው ሆነው አይተው ይዣት እንድሄድ ጠሩኝ፤ ስምንቱን ቱቦ አንድ ባንድ ዳሰሱ። በሐዲይኛ ያሉኝን ሁሉንም አልያዝኩትም። የልጄ እጅ ይኸው ነው ማለታቸው ግን ገብቶኛል። አብረን ቁጭ ብለን ስናያት ዋልን፤ ከሄድክ ወዲህ ከሰው ጋር የተቀመጥኩ የመሰለኝ ያን ቀን ነው።

ሊቀመንበሩ ዘንድሮም ለበዓሉ ጠይቀውኝ ነበር። ሞተሯ ሙቀት ስላበዛ ኮፈኗን አውልቀናል ብዬ ላክሁባቸው። ወረቀታቸውንም ከግድግዳው አወረድኩ። ያጨበጨቡት ለእኔ ስሕተት ነበርና።

ብቸኝነቱ እንዳለ ነው፤ አልዋሽህም። ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛው አሁንም ሰፊ ነው። ነገር ግን መኪናዋን አንተ በምትቀመጥበት በኩል አድርጌ ደብተሬን አርማለሁ፤ በየመሃሉም እስክሪብቶውን አስቀምጬ ቀና እላለሁ። ልጅ ደብተሩን ይዞ እዪልኝ ሲለኝ፣ እናትህ ከደጅ ነይ እዪ ሲሉኝ፣ ከእንግዲህ ሳላይ ያምራል አልልም። የማስታውስህ እንዲህ ነው፤ ይህን ቃሌን ውሰድ።

ኮፈኑን አልጣልኩትም። እጄ የተቃጠለበት፣ አሻራህን የሳምኩበት ነው። ከኋላ መጫኛው ላይ አጋድሜ በሽቦ አሰርኩት። መኪናህ እንደተመኘሃት ናት ዴታሞ፤ የእኔን ስሕተት ጭና ቆማለች።

አሁን ቀና ብላ ያየችህ፣
አስቴር