ተቆጥቶ የወጣው መሥራች

ለወዳጄ ለታሪክ መምህሩ፤ ጉልበትህ እንዴት አደረገህ?

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳታየው ለተማሪ ስትተርከው የኖርከውን ቤት ዛሬ በዓይኔ አየሁት። የአገራችን መሥራቾች የተስማሙባት አዳራሽ ያንተን ሳሎን ብታክል ነው። እኔም ካንተ የሰማሁትን ይዤ፣ «ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ድምፅ ነው የፈረሙት» ብዬ ለአስጎብኚዋ ላስረዳት ሞከርኩ። ጠና ያለች ሴት ናት፤ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ በሩ ወሰደችኝ።

«አንደኛው ተቆጥቶ በዚህ በር ወጥቶ ነበር። ሁለት ቀን ቤቱ ተቀመጠ።»

«ታዲያ ማን መለሰው?» አልኳት።

«ሚስቱ ናታ። ‹እኔ ላይ ከምትነጫነጭ እዚያው ሄደህ ተነጫነጭ› ብላ እጁን ይዛ አመጣችው።»

ከስምምነቱ ሰነድ ላይ ፊርማውን አሳየችኝ። ቦታ አልቆ ታች ጥግ ላይ ተጣቧል፤ ግን አለ። እውነቴን ነው፣ አንተ ትዝ አልከኝ። የሰፈራችንን የቤተ መጻሕፍት ኮሚቴ ጥለህ ከወጣህ ሁለት ወር ሞላህ፤ ያውም በመደርደሪያ ቀለም ተጣልተህ! እኔም «ተዉት፣ ይሂድ» ማለቴ ልክ አልነበረም። አንተ ከሄድክ ወዲህ የሚከራከረን ጠፍቶ ስብሰባው እንቅልፍ ብቻ ሆኗል። ሐሙስ እመለሳለሁ፤ ቅዳሜ ስብሰባ አለን።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳምልኝ። ለባለቤትህም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ለነገሩ በእሷ መሥሪያ ቤት አድራሻ ስለላክሁት፣ አንተ ጋ ሳይደርስ አንብባዋለች።

አናጢው ጓደኛህ