አፍንጫ የሚያስቆነጥጥ ሂሳብ

ለውድ ወንድሜ፣ ወንድም ጋሼ፦

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህን ተሻለህ ወይ? ብርዱስ ለቀቅ አደረገህ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ እናታችንን ሳል ከሚያጣድፋት በቀር ደህና ነን። እሷም ብትሆን ለመቆጣት አቅም አላነሳትም።

ባለፈው በስልክ ልጄን ሚጣን «ሰባት በስምንት ስንት ነው?» ብትላት ሳትተነፍስ ሃምሳ ስድስት ስላለችህ፣ «ይቺስ እኔን ነው የወጣችው» ብለህ ስቀህ ነበር። እኔም ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ ነበር። አሁን ግን ያቺን መልስ ምነው ባልሰማኋት እላለሁ። እባክህ ደግመህ እንዳትጠይቃት። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቀሚሷ ጎን የደረቀ ንፍጥ አያጣውም። ጉንፋን መስሎኝ መሀረብ አሲዣት ነበር። ባለፈው ሳምንት ያሳጠርኳቸውን የደንብ ልብሶች ላስረክብ ስሄድ በክፍላቸው መስኮት በኩል አለፍኩ። የሂሳብ መምህሩ ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ በማስመሪያ እየጠቆመ የማባዛት ሰንጠረዥ ይጠይቃል። ያልመለሰ ይቆማል። የመለሰው ደግሞ እየዞረ የቆሙትን አፍንጫ ይቆነጥጣል። ሰውዬው «አታባብያቸው፣ ጠበቅ አድርጊ!» እያለ ይስቃል። ቆንጣጯ ማን መሰለችህ? የኔዋ ጉድ! ጣቷን በቀሚሷ ጠረግ እያደረገች ከአንዱ ወደ ሌላው ትሄዳለች።

መጨረሻ ላይ የጎረቤታችን የአናጺው ልጅ ቆማለች። ልጅቷ ትንተባተባለች እንጂ ሰንጠረዡን ታውቀዋለች። መልሱ ምላሷ ላይ ሳለ ነው «ቀጣይ!» የሚላት። ሚጣ አፍንጫዋን ይዛ ስትጠመዝዘው ደም ጠብ አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልብሱን እዚያው ጥዬ ገባሁ።

«ማስተማር ማለት ይሄ ነው?» ብዬ መምህሩን ብጠይቀው፣ «ያንቺ ልጅ አንደኛ ናት፣ ምን ጎደለብሽ?» አለኝ። ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። «እኛም እንዲሁ ነው የተማርነው፣ ይኸው ሞትን እንዴ?» ብሎኝ ሻዩን ፉት አለ። ልተፋበት ምንም አልቀረኝ።

ቤት ገብቼ ሚጣን ልቆጣ አፌን ስከፍት፣ «እማዬ፣ ቀስ ብዬ ከቆነጠጥኩ እኮ እኔን ያስቆነጥጡኛል» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ግን ደስ ይላል» አለች። ወንድም ጋሼ፣ የመምህሩ ነገር ይቅር፣ ይሄኛው ነው አንጀቴን የቆረጠው።

እጇን ይዤ አናጺው ቤት ወሰድኳትና የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። እሱም ጩኸት የሚወድ ሰው አይደለም፤ መጋዙን አስቀመጠና «በር መታኝ ነበር ያለችኝ» አለ። በማግስቱ ትምህርት ቤት አብረን ሄድን። መፍትሔ የተባለውን ስማ፦ መቆንጠጡ ቀረና ያልመለሰ ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንዲቆም፣ ሌሎቹም በአንድ ድምፅ «አህያ!» እንዲሉት ሆነ። ርዕሰ መምህሩ «ይኸው አሻሽለናል» አለን፣ ያለ እፍረት! ሁለቱንም ልጆች ወደ ከሰዓት ፈረቃ አዛወርናቸው። የዚያ ፈረቃ መምህርት ልጅ ተናግሮ እስኪጨርስ የሚጠብቁ ሴት ናቸው።

አሁን ሁለቱም እኔ ዘንድ ያጠናሉ። ትናንት ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ የልብስ ቁልፎች ደርድረው ስድስት በዘጠኝን ሲሠሩ፣ የአናጺው ልጅ «ሃ... ሃ...» ብላ ተያዘች። የሚጣ እጅ ብድግ አለ። ራሷ አይታው ደነገጠች፤ ጭኗ ስር ከታ ተቀመጠችበት። ልጅቷ እንደምንም ሃምሳ አራትን አወጣችው። ያወጣችው ግን በአንድ እጇ አፍንጫዋን ሸፍና ነው።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ትልቁን ልጅህን አክስትህን ናፍቀሃታል በልልኝ፤ መንታዎቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። እናታችን ወገብህን በወፍራም ሹራብ ጠቅልል ብላሃለች። ሚጣም ሰላም ብላሃለች።

እህትህ
ከቤታችን፣ ማክሰኞ የካቲት 14 ቀን